ሰዒድ ያላለው ቃል

በ2094 ዓ.ም. መስከረም ላይ ይመር አራጋው ኮምቦልቻ ካለው ቤቱ ሊወጣ ሠላሳ አንድ ቀን ቀርቶት ነበር። ደንቡ ለሁሉም እኩል ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ሠራተኛ ያልተገኘበት ቤተሰብ የኮንዶሚኒየም ቤቱን ሥራ ላለው ለቅቆ ቆላ ወዳለው ሰፈራ ይዛወራል። ሰፈራው ውሃም መብራትም አለው። ከዚያ የተመለሰ ሰው ግን የለም፤ የከለከለ ኖሮ ሳይሆን መመለሻ ሥራ ስለሌለ ነው። በየሰኞው ጠዋት የቤቱ በር ራሱ ይናገራል። ድምፁ የሴት ነው፤ ትሕትናው ልክ የለውም። የዚያን ሰኞ «እንደምን አደራችሁ፤ ሠላሳ አንድ ቀን ይቀራችኋል፤ መልካም ሳምንት» አለ። የይመር ሚስት ይታይሽ መጀመሪያ ሰሞን በሩን ትሰድበው ነበር። በኋላ ግን «እንደምን አደርክ» ማለት ጀመረች፤ ምናልባት ቢወደን ይረሳን እንደሆን ብላ።

ይመር የአርባ ሰባት ዓመት ሰው ነው። ሃያ ሁለት ዓመት በጅቡቲ መንገድ ከባድ መኪና ነድቷል። መኪኖቹ ያለ ሰው መሄድ ሲጀምሩ ስድስት ወር ጋቢናው ውስጥ እጁን አጣጥፎ እንዲቀመጥ ተደረገ፤ ከዚያ ወንበሩም ተነቀለ። ይታይሽ ከልብስ ስፌት ፋብሪካ የተሰናበተችው ከእሱ በአራት ወር ቀድማ ነበር። በከተማው ለሰው የቀረው ሥራ በጣት የሚቆጠር ነው። ከዚያ አንዱ በሙሉቤት የገበያ አዳራሽ ሻጭ መሆን ነበር። ሙሉቤት ዕቃውን ያለ ሰው መሸጥ አቅቶት አይደለም። ለጥቂት ዓመታት ሞክሮት ገበያው ቀዘቀዘበት። ሰው እጁ የሚፈታው እስትንፋስ ያለው ሌላ ሰው ዓይን ዓይኑን እያየ ሲያናግረው ነው፤ ይህ ተጠንቶ ተደርሶበታል። ስለዚህ በየክፍሉ አንድ አንድ ሰው ቆሟል።

ለቃለ መጠይቅ ሲጠራ ሁለት ሳምንት ተለማመደ። የሹፌር ፊት ነው ያለው፤ የአፋር ፀሐይ ያከሰለው፣ ግንባሩ ዘወትር የተቋጠረ። ይታይሽ መስተዋት ፊት አቁማው ታሠለጥነው ነበር።

«ጥርስህን አታሳይ። ዓይንህ ነው መሳቅ ያለበት።»

«ዓይን ደግሞ እንዴት አድርጎ ነው የሚስቀው?»

«መጀመሪያ ቀን ሰርግ ቤት ስታየኝ እንዳየኸኝ።»

«ያኔ እኮ ሰክሬ ነበር፣ ይታይሽ።»

«እንግዲያው እንደዚያ ስከር፤ ያለ መጠጥ» አለችውና ሁለቱም ሳቁ። «ይኸው! ይኸው እሱን ያዘው!» ብላ ጮኸች። ሊይዘው ሞከረ። ፈገግታው ግን እንደያዙት ሞተ።

የቀጠሮው ቀን ሐሙስ ዋለ። ይመር ሲደርስ ከሙሉቤት የጎን በር ፊት አርባ የሚሆኑ ሰዎች ተሰልፈዋል። ወንዱም ሴቱም ሎሚ ይነክሳል፤ ሎሚ የፊት ጅማት ያፍታታል የሚል ወሬ ከተማውን ሞልቶት ነበር። አንዷ የያዘችውን ግማሽ ሎሚ ለይመር ሰጠችው። ነከሰው። ዓይኑ እንባ አቀረረ እንጂ ሌላ ያመጣው ለውጥ አልነበረም። ሰዎቹ አንድ አንድ እያሉ ይገባሉ፤ ብዙም ሳይቆዩ በሌላ በር ይወጣሉ። የወጡት በተሰለፉት ፊት ሲያልፉ ቀና ብሎ የሚያይ የለም። የሚጠይቃቸውም የለም።

ሲገባ የተቀበለችው ወይዘሪት ኖላዊት የምትባል፣ ሃያ ሰባት ሃያ ስምንት ዓመት የሚሆናት፣ ንግግሯ የተቆጠበ ልጅ ናት። የሠራተኛ ቅጥር ኃላፊ ነበረች። እጁን ይዛ እንደ ታላቅ ወንድም ሰላም አለችው፤ እንዲያውም ለመቀመጥ መጀመሪያ እሱን ጋበዘችው። ከዚያ ከትንሽ ሣጥን የሩዝ ፍሬ የምታክል ነገር አውጥታ ከጆሮው ጀርባ ለጠፈችበት። ስሙ ረጅም ነው፤ ሕዝቡ ግን ሹክ ስለሚል ሹኪ ነው የሚለው።

«አቶ ይመር፣ እኛ ጋ ጥያቄና መልስ የለም» አለችው። «ሰባት ደቂቃ ይሰጥዎታል። አንድ ደንበኛ ይመጣል። ይሸጡለታል። መፈተንዎን ደንበኛው አያውቅም፤ እርስዎም እንዳይነግሩት። የተሸጠው ዕቃ በአርባ ቀን ውስጥ ከተመለሰ ፈተናው እንዳልተፈተነ ይቆጠራል። ሌላ ደንብ የለንም።»

«ይሄ የለጠፉብኝስ?»

«ይረዳዎታል። የሚለውን መጠቀም ግዴታ አይደለም» አለችና ትንሽ አሰብ አደረገች። «እርግጥ ነው፣ ሳይጠቀም ያለፈ ሰው እስካሁን አላየሁም።»

የተሰጠው የወንድ ጫማ ክፍል ነበር። ጫማዎቹ በረጅም መደርደሪያ ላይ ተደርድረዋል። ፊት ለፊት መሞከሪያ አግዳሚ ወንበር አለ። ይመር ሸሚዙን ጎተት አድርጎ አስተካከለና እጆቹን ከኋላው አጣመረ። ወዲያው ያ ተገቢ አለመሆኑ ታስቦት ወደ ፊት አመጣቸው፤ እዚያም ቦታ አጡ። ሃያ ሁለት ዓመት መሪ ላይ ኖረው አሁን የሚይዙት ጠፋ።

«ደንበኛ እየመጣች ነው» አለ ሹኪው። ድምፁ ከራሱ ሐሳብ የሚወጣ ነው የሚመስለው። «ዘሀራ መሐመድ። ስልሳ ሰባት ዓመት። በየሐሙሱ ትመጣለች። እዚህ መደርደሪያ ፊት በአማካይ አሥራ አንድ ደቂቃ ትቆማለች። ገዝታ አታውቅም። አንድ ልጇ ሰዒድ ሞቷል፤ ሦስት ዓመት ሆኖታል። የእግሩ ቁጥር አርባ ሁለት ነበር።»

ሹኪ ማንንም አንቱ አይልም። ይመር ግን የደነገጠው በዚያ አልነበረም። እትዬ ዘሀራ ጎረቤቱ ናቸው። እሳቸው ሦስተኛ ፎቅ፣ እሱ አራተኛ ፎቅ። አሥራ ስድስት ዓመት አንድ ደረጃ ወጥተው ወርደዋል። ሰዒድን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። ሲሞት ጀናዛውን ከተሸከሙት ፊተኛው በግራ በኩል ይመር ነበር። ከሁሉ የባሰው ደግሞ፣ ሰዒድ ሆስፒታል ተኝቶ ነፍሱ ስትወጣ አጠገቡ የነበረውም እሱ ነው። እናቱ ልብስ ሊቀይሩ ቤት ደርሰው እስኪመለሱ ነበር፤ አንድ ሰዓት ተኩል። ልጁ እንደተኛ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ፣ አንድም ቃል ሳይተነፍስ ሄደ።

እትዬ ዘሀራ ከዚያ ወዲህ ይጠይቁታል። «ምንም አላለም? እናቴን አላለም?» ይሉታል። «ተኝቶ ነበር እትዬ» ይላቸዋል። መጀመሪያ በየሳምንቱ ነበር፤ በኋላ በወር አንዴ። አሁን ከአንድ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል ከጠየቁት።

እትዬ ዘሀራ ሻሻቸውን አስተካክለው ወደ መደርደሪያው ሲቀርቡ አዩትና ቆሙ።

«ይመር! አንተ ነህ ወይ? እዚህ ገባህ እንዴ?»

«አዎ እትዬ... ሰሞኑን» አለ። ይህ የዕለቱ የመጀመሪያ ውሸት ነበር። ትንሽ ስለነበረች ሳትከብደው ወጣች።

«አልሐምዱሊላህ! ይታይሽ እንዴት ደስ ይላት! ከቤታችሁ ልትወጡ ነው ሲሉ ሰምቼ እንቅልፍ ነሥቶኝ ነበር እኮ። አላህ ዱዓዬን ሰማኝ» አሉና ከልባቸው ጉንጩን ሳሙት። ከዚያ ወደ ጫማዎቹ ዞር ብለው፣ ጥፋት ላይ የተያዙ ያህል ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እኔ እንኳ የምገዛው ኖሮኝ አይደለም። እንዲሁ ሐሙስ ሐሙስ መጥቼ አያለሁ። አደራህን ልጄ፣ ለሰው እንዳትነግርብኝ። ጃጀች ይሉኛል።»

«ኧረ እትዬ፣ ምን በወጣኝ።»

«ስሙን ጥራ» አለ ሹኪው።

ይመር የመደርደሪያውን ጠርዝ በጣቱ ጠረገ።

«ስሙን ጥራ። ቡናማውን አሳያት። ዕድል አሥራ ስምንት በመቶ።»

እጁ ተንቀሳቀሰ። ቡናማ ባለ ማሰሪያ ጫማ አነሣ። «ይሄ... ሰዒድ ይሄን ይወደው ነበር፣ አይደል እትዬ?»

«አይ፤ ሰዒዴ ጥቁር ነው የሚወደው። ቡናማ የሽማግሌ ነው ይል ነበር» አሉና ፈገግ አሉ። በጣታቸው የጫማውን አፍንጫ ነካ አድርገው መልሰው እጃቸውን ሰበሰቡ። «ለማን ብዬ እገዛለሁ ይመር? ማን ያደርገዋል? በል እንግዲህ ሥራህን ሥራ፤ አላህ ያበርታህ።»

«ዕድል ሦስት በመቶ» አለ ሹኪው። «ሁለት ደቂቃ ይቀራል።» ከዚያ ዝም አለ። የሚሰጠው ነገር አልቆበት ነበር።

ኋላ ይመር ይህችን ቅጽበት መላልሶ ሲያስባት፣ ጥፋቱን በሹኪው ላይ ለመጫን ያልሞከረበት ጊዜ የለም። አይሆንለትም። ሹኪው ዝም ብሎ ነበር። ሴትዮዋ ጀርባቸውን ሰጥተው ሦስት እርምጃ ሄደዋል። ያን ጊዜ ነው ከገዛ አፉ የወጣው፤ ማንም ሳያሲዘው፣ ማንም ሹክ ሳይለው።

«እትዬ። ያን ቀን ሰዒድ ተናግሮ ነበር።»

እትዬ ዘሀራ ቆሙ። ወዲያው አልዞሩም። ሲዞሩ ፊታቸው የሌላ ሰው ፊት ሆኗል።

«ምን አልክ?»

«ከማረፉ በፊት። ዓይኑን ገልጦ ነበር፤ ትንሽ ነው። ‹ስነሣ ጥሩ ጥቁር ጫማ አድርጌ እናቴን ገበያ ይዣት እዞራለሁ› አለኝ። ከዚያ ተኛ።»

«ለምን... ለምን እስከ ዛሬ ሳትነግረኝ?»

«ልብዎ እንዳይሰበር ፈርቼ።»

አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ዓይናቸው በእንባ ሞላ፤ ግን እያለቀሱ አልነበረም፤ ፊታቸው በርቶ ነበር። «እናቴን አለ?» አሉ።

«አዎ እትዬ።»

«እናቴን ይዣት እዞራለሁ አለ?»

«አዎ።»

«አርባ ሁለት ስጠኝ» አሉ እትዬ ዘሀራ። «ጥቁሩን።»

ጫማውን በሣጥን አድርጎ ሲሰጣቸው ግንባሩን ሳሙት። እሱ ከንፈራቸው ያረፈበት ቦታ ሲቃጠል ተሰማው። ስድስት ደቂቃ ከአርባ ሴኮንድ ሆኖ ነበር።

ወይዘሪት ኖላዊት ከቢሮዋ እየተቻኮለች ወጣች። መጀመሪያ ሲገባ ያልነበራት ፈገግታ ፊቷ ላይ ነበር። «አቶ ይመር፣ ያቺ ዓረፍተ ነገር ከየት መጣች? ሹኪው እኮ አልሰጠዎትም።»

«እንዲሁ... መጣችልኝ።»

«ከሦስት በመቶ ተነሥቶ የሸጠ ሰው አይተን አናውቅም» አለችው። ሰኞ እንዲጀምር ነገረችውና አንድ ወረቀት አስፈረመችው። ጥሩ ዓይነት ሰው ነች፤ ደስታዋ የእውነት ነበር። ይመር እጇን ሲጨብጥ ዓይኑን ጫማዋ ላይ ተክሎ ነበር።

ቤት ሲደርስ ወሬው ቀድሞት ደርሷል። በሩ «እንኳን ደስ አላችሁ፤ ቆጠራው ተቋርጧል» ብሎ ነበርና ይታይሽ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። እንዴት አለፍክ ስትለው፣ «ሸጥኩ» ብቻ አላት። ምሽት ላይ በሩ ተንኳኳ። እትዬ ዘሀራ ነበሩ፤ ትሪ ሙሉ ተምር ይዘው፣ እህታቸውን ከሐርቡ አስጠርተው።

«ንገራት» አሉት ወደ እህታቸው እያመለከቱ። «እንዳለው አድርገህ ንገራት።»

ይመር ሚስቱን አየ። ይታይሽ እየሳቀች ትጠብቃለች። ነገራቸው። ሲጨርስ እትዬ ዘሀራ፣ «ሲናገር ፈገግ ብሎ ነበር?» ብለው ጠየቁት። «ብሎ ነበር» አለ። «እጁንስ?» አሉት። «እጄን ያዝ አድርጎኝ ነበር» አለ። ቃሉ በአንድ ቀን ውስጥ ፈገግታም እጅም አበቀለ። እትዬ ዘሀራ ሲመርቁት፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠው ወደደ። መሬት ግን በውሸት ያተረፈው ቤት ወለል ሆና ጸናች።

ሰኞ ሥራ ጀመረ። እስከ ረቡዕ ሁሉም ሰላም ነበር። ረቡዕ ረፋዱ ላይ፣ ከጫማ ክፍሉ ቀጥሎ ብርድ ልብስ የሚሸጠው መላኩ የሚባል ወጣት ከአንድ ሽማግሌ ጋር ሲነጋገር ሰማው። ሽማግሌው ለመሄድ ተነሥተው ነበር።

«አባባ፣ እኔ እኮ ልጅዎን አውቃታለሁ» አለ መላኩ። «አንድ መሥሪያ ቤት ነበርን። ከማረፏ በፊት ልጠይቃት ሄጄ፣ ‹ስነሣ ጥሩ ብርድ ልብስ ገዝቼ አባቴን አለብሰዋለሁ› ብላኝ ነበር።»

ሽማግሌው ቆሙ። ወዲያው አልዞሩም። ሲዞሩ ይመር ፊታቸውን ላለማየት መደርደሪያው ሥር ጎንበስ አለና ያልወደቀ ዕቃ ፈለገ።

ምሳ ሰዓት ላይ የኖላዊትን ቢሮ አንኳኳ።

«ያቺ ቃል» አለ ቆሞ። «መላኩ ሲናገራት ሰማሁት።»

«አዎ፤ ሹኪው ውስጥ ገብታለች» አለች ኖላዊት ወንበር እያሳየችው። «ዓርብ እዚህ ሞከርናት፤ ቅዳሜ በስድስት ከተማ። ሐዘንተኛ ደንበኛ ላይ እንደሷ የሠራ ነገር የለም። ስምዎ ተመዝግቧል እኮ።»

«ውሸት ናት።»

ኖላዊት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ልጁ ምንም አላለም። ተኝቶ ነበር። እኔ ነኝ የፈጠርኳት። እባክዎ ያውጧት።»

«አቶ ይመር» አለች በለሰለሰ ድምፅ፣ «ውሸት አይደለችም ብሎ የነገረን ሰው የለም እኮ። እኛም አልጠየቅንም። ደግሞ ሰዎቹ ደስ ብሏቸው ነው የሚሄዱት፤ ተመላሽ ዕቃ እንኳ የለም። ማውጣት ብፈልግም አልችልም፤ የእርስዎ አይደለችም፤ ፈርመዋል።» ከዚያም «ውሃ ላምጣልዎት?» አለችው።

ማታ ለይታይሽ ሁሉን ነገራት። የተምሩ ትሪ ገና አልተመለሰም ነበር፤ ጠረጴዛው ላይ አለ።

«ምን በደልካቸው?» አለች ይታይሽ። «ሴትዮዋ ከዚያ ቀን ወዲህ አሥር ዓመት ወጣት ሆነዋል። ደረጃውን ሲወጡ እያንጎራጎሩ ነው። አሁን ሄደህ ብትነግራቸው ለማን ይበጃል? ለእሳቸው? ላንተ ነው የሚበጀው፤ አንተ እንድትተኛ።»

ይህ እውነት ነበር። ሁለት ቀን ተሸክሞት ዋለ። ዓርብ ከሥራ ሲመለስ እትዬ ዘሀራ ደረጃው ላይ አገኙትና «እህቴ ልጆቿን ይዛ እሑድ ትመጣለች፤ ከአፍህ ይስሙት ብዬ ነው» አሉት።

«እትዬ፣ ቤት እንግባ» አለ።

ገቡ። ጫማው ከነሣጥኑ ሳይሆን ወጥቶ፣ ተወልውሎ፣ የሰዒድ ፎቶ ሥር ተቀምጧል። ይመር አልተቀመጠም። በአንድ ትንፋሽ ተናገረ፤ ፈተናውን፣ ሰባቱን ደቂቃ፣ የአርባ ቀኑን ደንብ፣ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው የሆነውን፣ ቃሏም አሁን በየክፍሉ ለየሐዘንተኛው እንደምትነገር። ሲጨርስ የገዛ ድምፁ ጆሮው ላይ ይጮህበት ነበር።

«እንግዲያ ምን አለ?» አሉ እትዬ ዘሀራ።

«ምንም። ተኝቶ ነበር።»

«ዓይኑን አልገለጠም?»

«አልገለጠም እትዬ።»

ሴትዮዋ ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። ይመር ስድብ ጠበቀ። ጥፊ ጠበቀ፤ ቢመጣ ፊቱን ሊሰጥ ተዘጋጅቶ ነበር።

«እሱን እኮ ለምጄው ነበር» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ተኝቶ ነበር ስትለኝ መጀመሪያ እንደ እሳት ነበር የሚፈጀኝ። ሦስት ዓመት ፈጀብኝ እስክለምደው። እንግዲህ እንቅልፍ ነው፣ ጥሩ ነው፣ አልተጨነቀም ብዬ ለመድኩት። አንተ መጥተህ ከዚያ አወጣኸኝ። አሁን እንደገና ከየት ልጀምረው?»

ይመር አንገቱን ደፋ።

«ጫማውን አልመልሰውም» አሉ። «ብመልሰው ሥራህ ይሄዳል፤ ይታይሽ ከቤቷ ትወጣለች። እሷ ምን አደረገችኝ? ግን ከዛሬ ጀምሮ ደረጃ ላይ ስታገኘኝ ደህና አደሩ አትበለኝ። እንዳላየኸኝ እለፍ። እኔም እንደዚያው አደርጋለሁ።»

እንዳሉት አደረጉ። ጠዋት ጠዋት ደረጃው ላይ ሲተላለፉ ይመር ግድግዳውን ተጠግቶ ይቆምና እሳቸው እሱ የቆመበት ባዶ ቦታ እንደሆነ ሁሉ ያልፋሉ። ሻሻቸው ክንዱን የነካበት ቀን ነበር። ሰው ከሰው ጋር ተጣልቶ መዘጋጋት አለ፤ ይህ ግን ጠብ አልነበረም፤ ጠብ ውስጥ ቢያንስ ሁለት ሰዎች አሉ።

በሥራው ቀጠለ። ቃሏን ሹኪው በሰጠው ቁጥር ሰምቶ እንዳልሰማ ይሆናል፤ ደንበኛው ይሄዳል፤ የሽያጩ ልክ ዝቅ ይላል። በተቀሩት ክፍሎች ግን በየቀኑ ይሰማታል። ኮት ሆና፣ ቦርሳ ሆና፣ የሕፃን ካልሲ ሆና። የሕፃኑን ካልሲ የሰማ ቀን ምሳውን አልበላም።

በሦስተኛው ሳምንት ሐሙስ እትዬ ዘሀራ አዳራሹ ውስጥ ታዩ። ወደ ጫማው አልመጡም፤ ብርድ ልብስ ክፍሉ ጋ ሄደው ቆሙ። አንዲት ጥቁር የለበሰች፣ ሠላሳ ዓመት የሚሆናት ሴት ብርድ ልብሱን በእጇ እየዳሰሰች ነበር። መላኩ ቀረበ። «እኔ እኮ ባለቤትሽን አውቀዋለሁ» ብሎ ጀመረ። «አንድ መሥሪያ ቤት ነበርን። ከማረፉ በፊት...»

«ውሸት ነው ልጄ» አሉ እትዬ ዘሀራ። አልጮኹም፤ ግን በየክፍሉ ያለው ሰው ዞሮ አያቸው። «እኔንም እንደዚሁ ብለውኛል። አንዲት ቃል ናት፤ ለሁሉም ነው የሚሰጧት። ቤትሽ ሂጂ።»

መላኩ ደርቆ ቀረ። «ደንበኛ ዘሀራ መሐመድ» አለ ሹኪው በይመር ጆሮ። «ለሽያጭ እንቅፋት ፈጥራለች። ታውቅሃለች። በእርጋታ ይዘህ አስወጣት። ሦስት ደቂቃ።»

ይመር ሄደ። መንገዱ ሃያ እርምጃ አይሞላም፤ ከአፋር በረሃ የረዘመ መስሎ ታየው። እትዬ ዘሀራ ሲመጣ አዩት። ፊታቸውን አላዞሩም። ሊይዛቸው እንደሚመጣ አውቀው ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ ያዙ።

ጥቁር የለበሰችው ሴት ግን ወደ እሱ ዞረች። በደረቱ ያለውን የሙሉቤት ባጅ አይታ፣ «ወንድሜ» አለችው፣ «እውነት ነው እሳቸው የሚሉት?»

አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ያየዋል። ኖላዊት ከቢሮዋ በር ላይ ቆማለች። «አስወጣት» አለ ሹኪው።

«እውነታቸውን ነው እህቴ» አለ ይመር። ሁሉም እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመው። «እውነታቸውን ነው። ቃሏን የፈጠርኳት እኔ ነኝ። እዚህ ለመቀጠር ብዬ፣ የእሳቸውን የሞተ ልጅ ስም ጠርቼ ፈጠርኳት። ባለቤትሽ ምን እንዳለ እዚህ የሚያውቅ ሰው የለም።»

ሴትየዋ ብርድ ልብሱን ለቀቀችው። ከራሱ እስከ እግሩ አየችው፤ ሰው እንደሚያዩ ሳይሆን የሚሸት ነገር እንደሚያዩ። ከዚያ ወጣች። እትዬ ዘሀራ ተከትለዋት ወጡ።

የስንብቱ ደብዳቤ ለመድረስ አራት ደቂቃ ፈጀ። ኖላዊት ራሷ ከጆሮው ጀርባ ሹኪውን አነሣችለት፤ ጣቶቿ ቀዝቃዛ ነበሩ። «ለምን?» አለችው፣ የምር ገርሟት። «ቃሏ እኮ ነገም እዚያው ናት።» ይመር ይህንንም ያውቅ ነበር። ሰላም ሊላት እጁን ዘረጋና በመሐል ሰበሰበው።

ውጭ ፀሐዩ ከርሯል። እትዬ ዘሀራ ፌርማታው ላይ ብቻቸውን ቆመው መኪና ይጠብቃሉ። ይመር ሲመጣ አዩት፤ ወዲያውም መንገዱን ማየት ጀመሩ። እሱም ከፌርማታው ማዶ ጫፍ ላይ ቆመ። ለይታይሽ ምን ብሎ እንደሚነግራት ያስብ ነበር፤ በሩ ሰኞ ጠዋት ቆጠራውን ካቆመበት ይቀጥላል። ሹፌር የሌለው አውቶቡስ መጣና በሩን ከፈተ። እትዬ ዘሀራ ወጡ። በሩ ለይመርም ክፍት ሆኖ ጠበቀ፤ «መንገደኛ፣ ይሳፈራሉ?» አለው፤ እንደ ልማዱ በትሕትና። በመስኮቱ የእትዬ ዘሀራ ሻሽ ይታየዋል፤ አጠገባቸው ያለው ወንበር ባዶ ነው።

«ሂድ» አለው ይመር ለበሩ።

አውቶቡሱ ሄደ። እሱም ኮቱን አውልቆ ክንዱ ላይ ጣለና፣ እስከ ቤቱ ያለውን ሰባት ኪሎ ሜትር በእግሩ ተያያዘው።